የገጠር ልጆች የእርሻ ክበብ ታሪክና የሽልማቱ ነገር

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለቤት ሥራ ቢሆንም፣ በልጅ እጅ የተያዘ ሥራ ሁሉ ጨዋታ እንጂ ቁም ነገር አይደለም የሚለውን የብዙ አባቶች አስተያየት ይገልጻል። እኛ ግን ልጆች በያዙት ሥራ የአባቶቻቸው የእርሻ ልማድ የተለወጠበትን አንድ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። ይኸውም በአሜሪካ «ፎር ኤች» እየተባለ የሚጠራው የገጠር ወጣቶች የእርሻ ክበብ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1862 ለየክፍላተ ግዛቱ መሬት እየሰጠ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ በሕግ ፈቀደ፤ በ1887 ደግሞ የእርሻ መመርመሪያ ጣቢያዎች እንዲከፈቱ ገንዘብ መደበ። ሊቃውንቱ ስለ ዘር ምርጫ፣ ስለ አፈርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ነገር ዐወቁ። ዳሩ ግን ዕውቀቱ ከመጽሐፍና ከጉባኤ አዳራሽ ብዙም አልወጣም። ገበሬው ከአባቱ የተቀበለውን ልማድ ትቶ፣ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ ሰው የጻፈውን ለመከተል አልፈቀደም። ለዚህም አንፈርድበትም፤ አዲሱ ዘር ቢከዳ የሚራበው ጸሐፊው ሳይሆን ገበሬውና ልጆቹ ነበሩና።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተገኙት መንገዶች አንደኛው በልጆች በኩል ነበረ። በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በማኩፒን አውራጃ ዊል ኦትዌል የተባለ ሰው የገበሬዎችን ጉባኤ ቢጠራ ሰሚ አጣ። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ምርጥ የበቆሎ ዘር ለወንዶች ልጆች አድሎ፣ ያመረቱትን ይዘው መጥተው እንዲወዳደሩ አደረገ። ልጆቹ በቆሎአቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ፣ ለጉባኤው ጥሪ ጆሮ ያልሰጡት አባቶች የልጆቻቸውን ሥራ ለማየት በብዛት ተሰበሰቡ።

በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ደግሞ የስፕሪንግፊልድ ገጠር ትምህርት ቤቶች የበላይ ተመልካች የነበረው አልበርት ግራሃም፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1902 ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ልጆችን በአውራጃው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ሰብስቦ የእርሻ ክበብ አቋቋመ። ልጆቹም በቆሎ ይዘሩ፣ አትክልት ይተክሉ፣ የአፈሩን ኮምጣጣነት በሊትመስ ወረቀት ይመረምሩ ነበር። ብዙ ሰዎች የፎር ኤችን ልደት የሚቈጥሩት ከዚህ ቀን ነው። ግራሃምም በ1905 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ማስፋፊያ የመጀመሪያው ኃላፊ ለመሆን በቃ።

በደቡብ ክፍላተ ግዛት ሥራው የተስፋፋው በችግር ጊዜ ነው። ጥጥን የሚያጠፋው ነቀዝ ከሜክሲኮ ተሻግሮ ገበሬውን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ሲማን ናፕ የተባሉ አዛውንት በ1903 በቴክሳስ በቴሬል ከተማ አጠገብ አዲሱን አሠራር በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ማሳየት ጀመሩ። እምነታቸውም ሰው የሰማውን፣ ያየውንም እንኳ ሊጠራጠር ይችላል፤ በገዛ እጁ የሠራውን ግን አይጠራጠርም የሚል ነበር። በ1907 ዊልያም ስሚዝ የተባለ የትምህርት ቤቶች የበላይ ተመልካች በሚሲሲፒ በሆምዝ አውራጃ የወንዶች ልጆች የበቆሎ ክበብ ሲያቋቁም፣ ናፕ ሥራውን ደገፉት፤ ስሚዝም በዓመት 1 ዶላር ብቻ እየተከፈለው የእርሻ ሚኒስቴር ተባባሪ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ብዙ ሰው አስደነቀ። በ1910 በሳውዝ ካሮላይና ጄሪ ሙር የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ከ1 ኤከር መሬት ከ228 ቡሽል በላይ በቆሎ ማግኘቱ ተመዘገበ። ይህ በእኛ ሚዛን ቢታሰብ 58 ኩንታል ያህል ነው። በዚያን ጊዜ የመላው አሜሪካ አማካይ ምርት በኤከር ከ30 ቡሽል በታች፣ ማለት 8 ኩንታል እንኳ የማይሞላ ነበር። እንግዲህ አንድ ልጅ ከአማካዩ 7 እጥፍ የሚበልጥ ምርት ሲያገኝ ያየ ገበሬ፣ ጥፋቱ የመሬቱ ነው ለማለት እንዴት ይችላል?

ስለ ሽልማቱ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። በደቡብ የበቆሎ ክበቦች ዳኞች ነጥብ ሲሰጡ ለምርቱ ብዛት 30፣ ለተገኘው ትርፍ 30፣ ለኤግዚቢሽን ለቀረቡት 10 የበቆሎ ራሶች 20፣ ልጁ ሰብሉን እንዴት እንዳመረተ ለጻፈው ታሪክ ደግሞ 20 ከመቶ ይይዙ ነበር። ስለዚህ ብዙ ማዳበሪያ አፍስሶ ብዙ እህል ያፈሰ፣ ነገር ግን ወጪውን ያልመዘገበ ልጅ ማሸነፉ ያስቸግረዋል። ልጁ የዘሩን፣ የማዳበሪያውንና የጉልበቱን ዋጋ መጻፍ፣ የሠራውንም በሥርዓት መግለጽ ነበረበት። በዚህ ዓይነት ማሳው የሒሳብም የጽሕፈትም ትምህርት ቤት ሆነ።

ሴቶች ልጆችም ወደ ኋላ አልቀሩም። በሳውዝ ካሮላይና በኤከን አውራጃ የገጠር አስተማሪ የነበረችው ማሪ ክሮመር፣ ስለ ወንዶቹ ክበብ በአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ሲነገር ሰምታ፣ ለሴቶቹስ ምን ታስቦላቸዋል ብላ ጠየቀች። በ1910ም የቲማቲም ክበብ አቋቋመች። እያንዳንዷ ልጅ የኤከር አንድ አሥረኛ የሚሆን መሬት ይዛ ቲማቲም ትተክላለች፤ ፍሬውንም በጣሳ አሽጋ ትሸጣለች። ለአሸናፊዋ የታሰበው ሽልማት በዊንትሮፕ ኮሌጅ የመማር ዕድል ነበር። አባቷ ከፈቀደላት በቀር በእጇ ገንዘብ ይዛ ለማታውቅ የገጠር ልጅ፣ በገዛ ስሟ የተመዘገበ ትርፍ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ክበቦቹ እየበዙ ሲሄዱ አንድ ስምና ምልክት አስፈለጋቸው። የአዮዋ አስተማሪ ጄሲ ፊልድ ለተሸላሚዎች ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት ትሰጥ ነበር። በኋላም የእኛ አገር ማገጥ ዘመድ የሆነው ክሎቨር ባለ አራት ቅጠሉ ተመረጠ፤ በ1911ም አራቱ ቅጠሎች ራስን፣ ልብን፣ እጅንና ጤናን እንዲያመለክቱ ተወሰነ። የአራቱም ቃላት መነሻ ፊደል በእንግሊዝኛ «ኤች» ስለ ሆነ፣ ፎር ኤች የሚለው ስም ከዚህ ወጣ። በ1914 የስሚዝና ሌቨር ሕግ የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍላተ ግዛቱ ገንዘብ አዋጥተው የእርሻ ትምህርት እንዲያስፋፉ ስለ ደነገገ፣ ክበቡ ቋሚ መሠረት አገኘ። ከ1922 ጀምሮ የተመረጡ አባሎች በቺካጎ በሚደረገው ብሔራዊ ጉባኤ፣ ከ1927 ጀምሮም በዋሽንግተን በሚደረገው ብሔራዊ ካምፕ ይገኙ ጀመር።

ይሁን እንጂ የታሪኩን ብርሃን ብቻ አሳይተን ጥላውን ብንሸሽግ እውነትን መክዳት ይሆንብናል። ጥቁሮች ልጆች በክበብ ቢታቀፉም፣ በደቡብ ክበባቸው ከነጮቹ የተለየ ነበር። በ1906 በተስኪጊ ተቋም ቶማስ ካምቤል የመጀመሪያው ጥቁር የእርሻ ማስፋፊያ ሠራተኛ ሆኖ ተሾመ፤ የእርሻ መሣሪያ በተጫነ ሠረገላም እየዞረ ጥቁሮችን ገበሬዎች ያስተምር ነበር። ነገር ግን የጥቁር ገበሬ ልጅ የቱን ያህል ቢያመርት የቺካጎውና የዋሽንግተኑ በር ለብዙ ዘመን ተዘግቶበት ኖረ። በ1948 በሉዊዚያና በሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ለእነርሱ የተለየ ካምፕ ተከፈተላቸው እንጂ፣ መለያየቱን ሕግ የከለከለው በ1964 ነው። አፈሩ የዘሪውን ቀለም አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሸላሚው ነው።

ሁለተኛው ችግር የፉክክር ነበር። አንደኛ የሚወጣው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ የሀብታም አባት ልጅ በጥሩ መሬትና በጥሩ ከብት ሊያሸንፍ፣ የቀሩትም ተስፋ ሊቈርጡ ይችላሉ። ስለዚህ በብዙ የፎር ኤች ትርኢቶች የዴንማርክ ሥርዓት የሚባለው የዳኝነት ዓይነት ተለመደ። በዚህ ሥርዓት የልጁ ሥራ የሚመዘነው ከጓደኛው ሥራ ጋር ሳይሆን አስቀድሞ ከተወሰነ መለኪያ ጋር ነው። መለኪያውን ያሟሉ ሁሉ፣ አሥርም ቢሆኑ ሃያ፣ ሰማያዊውን ሪባን ያገኛሉ፤ ከእነርሱ ዝቅ ያሉት ቀዩን፣ የቀሩትም ነጩን ይቀበላሉ።

ይህ ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ በ1952 በተደረገው ስምምነት መሠረት በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትንና የዓለማያን ኮሌጅ፣ ማለት የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በማቋቋም ረድቷል። በኮሌጁ ሥር በ1954 የተጀመረውና በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር የተዛወረው የእርሻ ማስፋፊያ ሥራ፣ የበቆሎ ክበቦች ከተነሡበት ከዚያው አሳብ የተወለደ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ፎር ኤች የከተማ ልጆችንም ጨምሮ ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ወጣቶችን ያቅፋል። የትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ ያላቸው አስተማሪዎቻችን ከታሪኩ ሊወስዱት የሚችሉት ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለልጁ የራሱ የሆነች ጥቂት መደብ ትሰጠው፤ የራሱን ሒሳብ የሚጽፍበት ደብተር ይኑረው፤ ሽልማቱም ታውቆ በተጻፈ መለኪያ ይሰጥ፤ ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድኃ ሳይባል መለኪያውን ላሟላ ሁሉ ይድረስ። መደቧ የአስተማሪው ጓሮ፣ ልጁም የአስተማሪው የጉልበት ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ልጁ የሚማረው እርሻን መጥላት ብቻ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት የሚበቃው ዱቄቱም ቡሖውም የራሱ መሆኑን ሲያውቅ ነው ብለን እናምናለን።