በካፋ ዞን የብስክሌትና የድንኳን ጉዞ

በካፋ ዞን የብስክሌትና የድንኳን ጉዞ ማለት ጥቂት ሰዎች በቡድን ሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ፣ ከቦንጋ ወይም ከጅማ ተነስተው በብስክሌት እየተጓዙና ሌሊቱን በድንኳን እያደሩ የሚያደርጉት ጉብኝት ነው። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ዞኑ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ይገኛል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አካባቢው ቡና በዱር የሚበቅልበት የተፈጥሮ ደን ያለበት ስለሆነ ድንኳን የት እንደሚተከል የሚወስነው ተጓዡ ብቻ አይደለም። ደኑ በቀጠና የተከፈለ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ጫካም ብዙውን ጊዜ ባለመብት አለው።

ዳራ

ብስክሌት በኢትዮጵያ በስፖርትነቱ የቆየ ታሪክ አለው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን አሰልፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው «መንገድ ለሰው» አንዳንድ አውራ ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ በማድረግ ብዙ ወጣቶች በቡድን እንዲነዱ ዕድል ሰጥቷል። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። ቦንጋ ግን በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ዳገቷን የለመዱት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ናቸው።

እንግዳ ወደ ካፋ ሲገባ አስቀድሞ የመጠየቁ ነገር አዲስ አይደለም። የካፋ መንግሥት እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሱን ችሎ የኖረ ሲሆን ድንበሩን በጥልቅ ቦዮችና በአጥር ይጠብቅ ነበር፤ የሚገባውም በተወሰኑ በሮች ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ይመራ በነበረው የአፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ተማረከ። ዛሬ በሩም ቦዩም የሚያግደው የለም፤ የቀበሌ ሊቀመንበርን ሳያነጋግሩ ድንኳን መትከል ግን አሁንም ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

መንገዶች

ከአዲስ አበባ ቦንጋ ድረስ በብስክሌት መሄድ ለቅዳሜና እሑድ የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጡ ቡድኖች ብስክሌቱን በመኪና ጭነው እስከ ጅማ ወይም እስከ ቦንጋ ማምጣት ይኖርባቸዋል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ፔዳሉን ፈትቶ መሪውን ማዞርና ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ ማድረግ ብልህነት ነው፤ በጉዞ ላይ በብዛት የሚጎዳው ያ ክፍል ነውና።

ከጅማ ቦንጋ ያለው አስፋልት 110 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሰቃንና ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። ጎጀብ የኦሞ ገባር ሲሆን በጅማ ዞንና በካፋ ዞን መካከል ወሰን ሆኖ ይፈሳል። ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት ያታልላል። ያለ ድካም የወረዱት ከፍታ ሁሉ ከድልድዩ ማዶ፣ ወደ ጊምቦ ወረዳ በሚያወጣው ዳገት፣ መልሶ መከፈል አለበት። ያውም ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ይሆናል፤ ሸለቆው ከጅማም ከቦንጋም ይሞቃል። ድንኳን፣ ምግብና ውኃ የጫነ ብስክሌት በሰዓት በአማካይ 13 ወይም 14 ኪሎሜትር ቢሄድ፣ ዕረፍት ሳይቆጠር ስምንት ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ቀን የሚሞክሩት ጎህ ሲቀድ መነሳት አለባቸው። በሁለት ቀን የሚከፍሉት ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ከማደር ይልቅ ከወንዙ በፊት ወይም ከወንዙ በኋላ ከፍ ያለ ቦታ ቢይዙ ይሻላል፤ ጎጀብ የወባ አገር ነው።

ከቦንጋ የሚነሱ አጫጭር ጉዞዎች ለጀማሪ ቡድን ይበልጥ ይስማማሉ። በሚዛን ተፈሪ መስመር ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የውሽውሽ ሻይ እርሻ ይገኛል። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከጥቁር አረንጓዴው ደን ወጥቶ እንደ ምንጣፍ ወደተከረከመው የሻይ ማሳ መግባት የሚሰጠው ስሜት ዳገቱን ያስረሳል። ወደ ዴቻ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በዚያ በኩል በዱር ቡናው የታወቀው የማንኪራ ደንና ወንዝ ከሥሩ የሚያልፍበት፣ የአካባቢው ሰው የእግዜር ድልድይ የሚለው የተፈጥሮ ድልድይ ይገኛሉ። ከአስፋልቱ ሲወጡ ጠጠርና ኮረኮንች ይጀምራል፤ ወደ ደኑ ውስጥ የሚያስገባው የመጨረሻው ክፍል ደግሞ የእግር መንገድ ነው። ብስክሌቱን ለመንደር ሰው አደራ ሰጥቶ በእግር መቀጠል የተለመደውን የእግር መንገድ ከመጎማ ያድናል፤ በመንገዱ ጠርዝ የሚበቅሉትን የቡና ችግኞችም ከጎማ ያተርፋል።

ዝናብና ጭቃ

ካፋ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓመቱ ዝናብ በአብዛኛው ቦታ ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በሰሜንና በመሀል አገር «በጋ» የሚባሉት የመጋቢትና የሚያዝያ ቀናት እዚህ እንደዚያ አይታሰቡም። ለብስክሌት የሚመቹት ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ያሉት ናቸው፤ በእነዚህም ቢሆን የዝናብ ልብስ ሳይዝ የሚወጣ ሰው ቦንጋን አያውቃትም።

ዝናቡ የሚጎዳው ልብስን ብቻ አይደለም። የአካባቢው አፈር በብዛት ቀይ ሸክላማ ነው። ሲረጥብ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ይጠቀጠቃል፣ ካቴናውንም ይይዛል። በሪሙ ላይ የሚይዝ የጎማ ፍሬን ያለው ብስክሌት በእንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ መሽከርከር ሊያቆም ይችላል። የዲስክ ፍሬን ያለው የተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ሸማው ካለቀ መለዋወጫውን በትናንሽ ከተሞች ማግኘት ይከብዳል። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ የእሱ ሥራ ግን በዋናነት የመኪና፣ የሞተርና የባጃጅ ጎማ ነው። በመሆኑም ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፖምፓ፣ የካቴና መፍቻና ቢያንስ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸማ ከቤት ይዞ መምጣት ይገባል።

ደኑና ማደሪያው

ዩኔስኮ የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ለምዝገባው የቀረበው ስፋት 540,631 ሄክታር ሲሆን በሦስት ቀጠና ይከፈላል። 41,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነው ጥብቅ ቀጠና ነው፤ ተፈጥሮው ሳይነካ እንዲቆይ የተተወ ነው። በዙሪያው ያለው 161,000 ሄክታር ገደማ ከለላ ሲሆን በዚያ ደኑን ሳይጎዱ ቡና፣ ማርና ቅመም መሰብሰብ ይቻላል። ቀሪው 338,000 ሄክታር ገደማ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና ከተሞች ያሉበት የልማት ቀጠና ነው። ድንኳን የሚተከለው በዚህ በሦስተኛው ነው ብሎ መነሳት ከብዙ ጣጣ ያድናል። ችግሩ የቀጠናው መስመር መሬት ላይ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ከቦንጋ ከመውጣት በፊት የዞኑን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ መጠየቅና የአካባቢ አስጎብኚ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

አስጎብኚው የሚያስፈልገው ለመንገድ ብቻ አይደለም። በካፋ «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ በታወቀ ክልል ቀፎ የመስቀልና ቡና የመልቀም መብት የሚያገኝበት ነው። ሕግ ደኑን የመንግሥት ቢለውም መንደርተኛው የማን ኮቦ የት እንደሚጀምር ያውቃል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተስፋፍቶ የደን ተጠቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ። እንግዳ «የዱር» ብሎ የሚቀጥፈው የበሰለ ቡና ለቤተሰቡ የዓመት ገቢ ሊሆን ይችላል። ቡናው የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ የብስክሌት ወቅቱ መጀመሪያ ከለቀማው መጨረሻ ጋር ይገጥማል።

ሳይንሳዊ ስሙ ኮፊያ አራቢካ የሆነው ቡና በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች ዋነኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በካፊኖኖ ቡና «ቡኖ» ይባላል። በእነዚህ ደኖች ውስጥ ያለው የዘር ብዝኃነት ወደፊት በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም ቡና ለማዳቀል መጠባበቂያ ነው፤ በቦንጋ የሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ለዚሁ ታሪክ የቆመ ነው። አንድ ድንኳን የሚይዘው መሬት ትንሽ ነው። ነገር ግን ቡና በጥላ ሥር ራሱን የሚተካው ከወለሉ በሚበቅል ችግኝ ነው፤ አሥር ሰው የተኛበትና እሳት የነደደበት ወለል ያንን ዓመት ችግኝ አይሰጥም። ስለዚህ ምግብ በቡታጋዝ ማብሰልና እንጨት አለመልቀም ይመረጣል።

ከቀፎ ራቅ ማለትም ያስፈልጋል። የካፋ ንብ አናቢዎች ረጅም ሲሊንደር መሳይ ቀፎ ከትልልቅ ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ ቀፎው ከላይ ስለሆነ በመሸ ጊዜ አይታይም። ጉንዳን ሌላው ጉዳይ ነው። በሰልፍ የሚሄደው ጉንዳን ድንኳን አያልፍም፣ ያቋርጠዋል እንጂ፤ ከመተኛት በፊት ዙሪያውን በባትሪ ማየት ልማድ መሆን አለበት። በደኑ ጉሬዛ በቀላሉ ይታያል፤ ነብርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አንበሳ በካሜራ ተቀርጿል። አንበሳ በእርጥብ ደን ውስጥ መገኘቱ ለሳይንሱ ዓለም ዜና ነበር፣ ለመንደሩ ሰው ግን አልነበረም።

በተግባር የተሻለው ማደሪያ ብዙ ጊዜ ጫካ ሳይሆን የገበሬ ጓሮ ወይም በፈቃድ የተገኘ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ለማደሪያው የሚከፈለው ገንዘብም የሚደርሰው ለዚያው ቤት ነው። በዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በካፋ የማንጆ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን አብሮ ከመብላትና ከመቀመጥ ሲገለል የኖረ ሲሆን አባላቱ በብዛት በደን ዳር ይኖራሉ፤ በመንገድ ላይ የማገዶ እንጨትና ከሰል ተሸክመው የሚታዩትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ደኑን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሆኖም እንግዳ የሚያርፈው መንገድ ዳር ባለ ቤት ስለሆነ ከጉብኝት የሚገኘው ገቢ ሳይደርሳቸው ሊያልፍ ይችላል። መሪ ሲቀጠር ወይም ማር ሲገዛ ይህን ማሰብ ቡድኑን ምንም አያስከፍለውም።

ካርታና ሰዓት

ኔትወርክ በደኑ ውስጥ ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድሞ በስልክ ማውረድ ይገባል። ኦፕንስትሪትማፕ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ስለሆነ በገጠር ካፋ አንዳንዱ መንገድ የለም፤ ያለውም ከሳተላይት ምስል የተሳለ ስለሆነ ጠጠር ይሁን ጭቃ አይናገርም። የከፍታ መረጃም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት የከፍታ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ሲሆን አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ራዳሩ የሚመልሰው የመሬቱን ሳይሆን የቅጠሉን ከፍታ የቀረበ ነው፤ ትንንሽ ገደላገደልም በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል። ስልኩ ለጥ ያለ ነው የሚለው መንገድ ሦስት ጅረት ሊወርድና ሊወጣ ይችላል።

በታኅሣሥ ቦንጋ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ምሽቱ አይጎተትም፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጨለማ ነው፣ ከዛፍ ሥር ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ እስከ 10 ሰዓት ማደሪያ ያልደረሰ ቡድን ያቀደውን ትቶ በመጀመሪያው መንደር ቢያርፍ ይሻላል። ፍጥነቱ የሚወሰነው በደካማው ነጂ ነው፤ መፍቻና ፖምፓ የያዘው ሰው ከኋላ ይሆናል፣ ከፊት ያለው ተበላሽቶ ቢቆም ይደርስበታልና። ውኃ ከጅረት ከተቀዳ መፍላት አለበት። ሕመም ወይም አደጋ ሲያጋጥም ቦንጋ የገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ከደኑ ውስጥ እስከዚያ መድረሻው ግን ብዙ ጊዜ የመንደር ሞተር ሳይክል ስለሆነ የባለሞተሩን ስልክ ቁጥር አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

እሑድ ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚመለሱ ቡድኖች ጎጀብን እንደገና መውረድና መውጣት አለባቸው፤ በዚህ ጊዜ ዳገቱ በጅማ በኩል ያለው ነው። የአብዛኛው ሰው ጉልበት ቅዳሜ ስለሚያልቅ ብስክሌቱን ከቦንጋ መናኸሪያ በመኪና ጭኖ መመለስ የተሻለ ነው።