ለልምምድ ወጥታችሁ ብትጎዱ ተጠያቂው ማነው?

ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ለልምምድ ገብተው የተጎዱ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግመው ይጽፉልናል። የባለቤቱ መልስ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ አንተ ተማሪ ነህ እንጂ የኔ ሠራተኛ አይደለህም። ሕጉስ ምን ይላል?

ነገሩን የሚወስነው የፈረማችሁት ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርትና ለሥልጠና ተብለው የሚደረጉ ውሎችን አይመለከትም፣ ከሙያ መልመጃ ውል በስተቀር። ይህቺን «በስተቀር» ያዟት። የሙያ መልመጃ ውል የሚባለው አሠሪው ሙያውን በተሟላ ሁኔታ ሊያሠለጥናችሁ፣ እናንተም መመሪያውን ተቀብላችሁ ልትሠሩ የምትስማሙበት ነው። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈላችሁ ገንዘብ እና የሥራው ሁኔታ ይሰፍርበታል። በጽሑፍ መሆንና በሚመለከተው የመንግሥት አካል መረጋገጥም አለበት። በቃል ተስማምተን ነበር ማለት አያዋጣም።

ውሉ ካላችሁ አንቀጽ 92 ለናንተም ይሠራል። አሠሪው ሥራው ምን አደጋ እንዳለው አስቀድሞ ሊነግራችሁ፣ መነጽሩን፣ ጓንቱን፣ ጫማውን ሰጥቶ አጠቃቀሙንም ሊያሳያችሁ ግዴታ አለበት። ራሳችሁ ገዝታችሁ ኑ የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አናውቅም፣ ከሕጉ ግን አልመጣም። ከሥልጠናው ጋር የማይገናኝ ሥራም ሊያሠራችሁ አይችልም። ስድስት ወር ሙሉ መኪና እያጠባችሁ የሞተር ሙያ ተማራችሁ አይባልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠሩም።

አደጋ ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ማድረስና ወጪውን መሸፈን የሱ ነው። ነፃ ሊወጣ የሚችለው በራሳችሁ ላይ ሆን ብላችሁ ጉዳት ካደረሳችሁ ነው። አስቀድሞ በግልጽ የሰጣችሁን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የተሰጣችሁን መነጽር ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ልምምድ ላይ ያለ ሰው ዘላቂ የአካል ጉዳት ከደረሰበት ካሳው የሚሰላው አሁን በምትከፈለው ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሥልጠናውን ጨርሶ ባለሙያ ሲሆን ሊያገኝ በሚችለው ደመወዝ ነው።

ውሉ ከሌላችሁስ? ያኔ የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ግን በአብዛኛው የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት የናንተ ሸክም ይሆናል፣ ጠበቃና ጊዜ ይፈልጋል። ኮሌጅ የላካችሁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት በናንተ፣ በኮሌጁና በድርጅቱ መካከል ምን እንደተፈረመ ጠይቁ፣ ኮፒውንም በስልካችሁ አንሱት።

ጉዳት ሲደርስ ማሽኑንና ቦታውን ሳይነካካ ፎቶ አንሱ፣ ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ፣ የሐኪም ማስረጃ ላይ ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ይጻፍ። አቤቱታው የሚገባው በየአካባቢያችሁ ላለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ነው፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ያሉት እዚያ ነው።