ከማዳበሪያው ይልቅ ከረጢቱ

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ላይ ቆሞ «ማዳበሪያ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ሊያገኝ ይችላል። አንዱ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይጠቁመዋል፤ ሌላው ባዶ ከረጢት አጣጥፎ ያቀብለዋል። ዩሪያና ዳፕ ታሽገው የመጡበት ነጭ ከረጢት የይዘቱን ስም ወርሶ ቀርቷል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል፣ ሁለት ማዳበሪያ በቆሎ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ጎደሬ ይባላል፤ ግር የሚለው ሰው የለም። ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ከረጢቱ ጫካ ድረስ ዘልቋል። ይዘቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበቆሎው ማሳ አላለፈም።

ደቡብ ምዕራብ ከሩቅ የመጣ ነጭ ነገር ሲቀበል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከአፋር ረባዳ ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል ደጋ ይወጣና በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ንግድ አንዱ መዳረሻ ቦንጋ ነበረች። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚንር፣ ከፋ ሲደርስ ወጥ ማጣፈጫም መገበያያ ገንዘብም ነበር። በለውጡ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሊሸሸግም አይገባም፣ ሰውም ጭምር ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው ነጭ ነገር የመጣው በ1960ዎቹ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ በተለያዩ አካባቢዎች የማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያዎች ተካሄዱ። በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ካዱ፣ ገበሬውን በብድር አለማመደው። ትኩረቱ ስንዴና ገብስ፣ ቆይቶም ጤፍና በቆሎ ነበር። የአገሪቱ የማዳበሪያ ታሪክ የእህል ታሪክ ሆኖ ተጀመረ፤ ቡናው ከዳር ቆሞ ይመለከት ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የስም ጨዋታ አለ። ገበሬው «ነጩ» የሚለው ዩሪያ መልኩ ቁርጥ ጨው ነው፤ በኬሚስት ሚዛን ግን ጨው አይደለም። ጨው የሆነው «ጥቁሩ» ዳፕ ነው፤ አሞኒያና ፎስፎሪክ አሲድ ተዋህደው የሚያስገኙት። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ሲሆን ከዳፕ 18 ኪሎ ብቻ ይገኛል፤ የዳፕ ዋና ስጦታ ፎስፈረስ ነው። በሌላው ዓለም የታወቀው አሞኒየም ሰልፌት 21 በመቶ ናይትሮጅንና 24 በመቶ ድኝ ይይዛል፤ ሆኖም በያዘው ናይትሮጅን ልክ ሲታይ አፈርን ከዩሪያ ይበልጥ ያኮመጥጣል። ዝናብ የማይለቀው የደቡብ ምዕራብ ቀይ አፈር ደግሞ ቀድሞውኑ ኮምጣጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገደማ የዳፕን ቦታ የያዘው ኤንፒኤስ ድኝን 7 በመቶ ብቻ አድርጎ አመጣ።

መልክ ማሳሳቱ ቀልድ አይደለም። አሞሌ የለመደች ላም በር የተከፈተ ጎተራ ውስጥ ዩሪያ ካገኘች ትልሳለች። በሆዷ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ወዲያው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትነፋለች፣ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ቀዝቃዛ ውኃና ኮምጣጤ ማጠጣት ጊዜ ይገዛል፤ የእንስሳት ሐኪም መጥራቱ ግን አይቀርም። ያው ዩሪያ በባለሙያ ተመጥኖ ከገለባ ጋር ሲሰጥ ደግሞ መኖ ነው።

ቡናውስ ያለ ማዳበሪያ እንዴት ዘለቀ? መልሱ ከላዩ ቆሟል። ሰሳና ብርብራ የቡና ጥላ ብቻ አይደሉም፤ ሁለቱም ከባቄላ ወገን ናቸው፣ ሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይስባሉ። ቅጠላቸው ሲረግፍ በቡናው እግር ሥር ይበሰብሳል። በጀርመን ኬሚስቱ ፍሪትዝ ሃበር የአየርን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ በመለወጥ እ.ኤ.አ. በ1909 በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የሠራውን የብርብራ ሥር ያለ ጭስ ሲሠራው ኖሯል። እርግጥ የጫካ ቡና ምርቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህም የሚፈልገው ትንሽ ነው። የከፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን ኦርጋኒክ ብሎ ሲሸጥ የሚሸጠው ይህንኑ ታሪክ ጭምር ነው፤ ለዚያ ገበያ አንዲት እፍኝ ዩሪያ ምስክር ወረቀት ታሳጣለች።

በበቃና ቴፒ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ የነበሩት እነዚህ ሰፋፊ እርሻዎች ቡናን በመስመር ተክለው ከፍ ያለ ምርት ይጠብቁ ነበር። ብዙ የሚሰጥ ዛፍ ብዙ ይጠይቃል። የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎችም ለሁለቱ ቦታዎች የሚስማማውን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን አጥንተዋል። አጠቃቀሙ የራሱ ሙያ አለው። የቡና መጋቢ ሥር ከላይ ስለሚተኛ ዩሪያው ግንዱ ላይ አይከመርም፤ በቅርንጫፉ ጥላ ልክ ዙሪያውን ተበትኖ አፈር ይለብሳል። ላዩ ላይ ከቀረ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ባንድ ጊዜ ከተሰጠ የቴፒ ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። በዝናቡ ወራት ከፋፍሎ መስጠቱ ለዚህ ነው።

የአካባቢው እርጥበት መጋዘንም ውስጥ ጠላት ነው። መሬት ላይ የተደረደረ ከረጢት ውኃ ስቦ ድንጋይ ይሆናል፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ የሚያሻው ለዚህ ነው። የረጋ ዩሪያን በዱላ ሰባብሮ መጠቀም ጉዳት የለውም፣ እጅንና ዓይንን ከብናኙ መጠበቅ እንጂ። በጀርመን ኦፓው ፋብሪካ የተደረገው ግን ሌላ ነበር፤ የረጋ የአሞኒየም ሰልፌትና የአሞኒየም ናይትሬት ድብልቅን በድማሚት ማላቀቅ የተለመደ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1921 ክምሩ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ። ቤሩትን እ.ኤ.አ. በ2020 ያናወጠውም 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ዩሪያና ዳፕ የዚህ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

ማዳበሪያን እዚሁ የቡና አገር የመሥራት ሕልምም ነበር። ከቴፒ ወደ ሰሜን ርቆ በሚገኘው ያዩ፣ ከቡናው ጫካ ሥር ያለውን የድንጋይ ከሰል ወደ ዩሪያ ለመለወጥ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ግንባታ ጀመረ። ያው ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አንድ መንግሥት አንድን ቦታ ለጥበቃም ለፋብሪካም ማጨቱ ይገርማል። ፋብሪካው ሳያልቅ ቆመ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ፤ ጥሬ ዕቃው የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

እስከዚያው ከረጢቱ መንገዱን ቀጥሏል። በቆሎ ማሳ ላይ የተራገፈው ታጥቦ ይሰቀላል፣ ለቀማ ሲደርስ ወደ ቡናው ይገባል። ባለሙያዎች ቡና በእንዲህ ያለ ከረጢት እንዳይቀመጥ ይመክራሉ፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ ፕላስቲክም አያናፍስም። የሚሻለው ጆንያ ነው። ጆንያ ግን ይገዛል፤ ማዳበሪያው እቤት አለ።