የካራቫን ወለል ውኃ ሲገባው

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል እስራኤል ገቡ። ከሆቴልና ከመርካዝ ክሊታ ወጥተው ዓመታት በካራቫን የኖሩት ብዙ ናቸው። ሑልዳን፣ ጊቭዓት ሐማቶስን፣ ቤርሼባ አጠገብ ያለውን ናሐል በቃን የሚያስታውሱ ዛሬም በኪርያት ጋት አሉ። በ1993 ለካራቫን ነዋሪዎች ልዩ ማሽካንታ ከተፈቀደ በኋላ ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ከተማ ገባ። ካራቫን ግን አልቀረም። ግቢ ውስጥ አቁሞ የሚኖርበት አለ፤ ለሽርሽር በመኪና የሚጎትተውም አለ። በሽታውም ያው የጥንቱ ነው፤ ወለሉ ከታች ይበሰብሳል።

አገር ቤት የወለል ጥገና ቀላል ነበር። መሬቱ ሲሰነጠቅ እናቶቻችን በእበት ይለቀልቁታል፣ በማግሥቱ ይደርቃል። የካራቫን ወለል እንዲያ አይደለም። ከታች የብረት ሻንሲ፣ በላዩ አግዳሚ እንጨቶች፣ በመካከላቸው ሙቀት የሚጠብቅ እንደ ጥጥ ያለ ነገር፣ ከዚያ ኮምፔንሳቶ ወይም ችፑድ፣ ከሁሉም በላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አለው። ፕላስቲኩ ከላይ የፈሰሰውን ውኃ ይከለክላል፤ ከጎን ሾልኮ የገባውን ደግሞ እንዳይተን አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ላዩ እያማረ ውስጡ ያልቃል። ችፑድ አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ኮምፔንሳቶ ትንሽ ይታገሣል፤ እሱም እርጥበቱ ከቆየበት ንብርብሩ ይላቀቃል።

ሲረግጡት ሰመጥ የሚል፣ የሻገተ ሽታ ያለው ወይም ምንጣፉ የጠቆረበት ቦታ ካለ በካቻቢቴ ጫፍ ይሞክሩት። ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። ከዚያ ወለሉን ከመንካትዎ በፊት ውኃው ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወለሉን አሳምሮ ይለውጥና በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ይበሰብስበታል።

ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ። ከዞረ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ማለት ነው። ካልዞረ የመታጠቢያውን ፍሳሽ፣ የልብስ ማጠቢያውን ቱቦ፣ የማዝጋኑን ውኃ መውረጃ ይፈትሹ። ቀጥሎ ጣሪያውና የመስኮቱ ጠርዝ ነው፤ ሲሊኮኑ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በእኛ የበጋ ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ከባሕር በኩል ከነፋስ ጋር ስለሚመጣ በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ አስቀድመው ይዩ። ሥራውን ለሐምሌና ለነሐሴ ቢያቆዩት ፀሐዩ ያግዝዎታል። ሰው እግር ስር የሚሰምጥ ከሆነ ግን አይቆይም፤ ጠንካራ ጣውላ ጣል ያድርጉበትና በዚያ በኩል ማለፍ ያቁሙ። በእኛ ዕድሜ አንድ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል።

መቁረጥ ሲጀመር መብራት፣ ውኃና ጋዝ ይዘጋ። ከወለሉ ስር ሽቦና ቧንቧ ያልፋልና የመጋዙ ጥልቀት ከጣውላው ውፍረት አይለፍ። ሻጋታው ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍንጫ በማስክ ይሸፈን፤ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል። የበሰበሰው ተቆርጦ ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ድረስ ይሂዱ። የቁራጩ ጠርዝ ሁልጊዜ አግዳሚ እንጨት ላይ ይረፍ፤ አየር ላይ የቀረ ጠርዝ ይሰምጣል። የረጠበው ጥጥ መሰል ነገር ይጣል። ቦታው ክፍት ሆኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ቬንቲሌተር እየነፋበት ለቀናት ይድረቅ። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው። የላላ አግዳሚ ካለ አዲስ እንጨት ከጎኑ ይታሰርለታል።

አዲሱ ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚችል ሙጫ ያለው፣ ውፍረቱም ከነባሩ ጋር እኩል ይሁን። ጠርዙንና የታችኛውን ፊት ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀቡት። በዳርና ዳር ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ እንጨት ይነፋልና። በሚስማር ፈንታ በብሎን ይታሰር፤ ሚስማር እየላላ ይጮኻል።

ባለሙያ ሲያመጡ "አዲስ ምንጣፍ ከላይ እናንጥፍበት፣ ይበቃል" ካለዎት አይቀበሉት። የበሰበሰውን ከፍቶ ያሳይዎት፤ ከመዝጋቱ በፊትም ይጥራዎትና በእጅዎ ዳስሰው መድረቁን ይዩ።

ብሎክ ቤት ለምትኖሩም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በብዙ የአገሩ ቤቶች ሴራሚኩ የተነጠፈው በአሸዋ ላይ ነው። ቧንቧ ሲያፈስ አሸዋው ውኃውን ይዞ ይቆያል፤ ምልክቱ የግድግዳው እግር ቀለም ማበጥና መላጥ ነው። ቀለም ደጋግሞ መቀባት አያድንም፤ እዚያም የቆጣሪውን ሙከራ ይጀምሩ። የቤት ቢቱዋሕ ካለዎት ምንም ሳይነካ ፎቶ ያንሱና ለኩባንያው ይደውሉ፤ ውልዎ የውኃ ጉዳትን ይጨምር እንደሆነ ልጆችዎ ያንብቡልዎ። የአሚዳር ቤት ተከራይ ከሆኑ አስቀድመው ለአሚዳር ያሳውቁ፤ የማመልከቻዎን ቁጥርና ቀኑን በወረቀት ላይ ይያዙ።