እንዴት ዋሉ ወይስ ስንት ተራመዱ?

አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ አሉ፤ ጡረታ ከወጡ ሰነባብተዋል። አምና አንድ ምሽት ልጠይቃቸው ብቅ ብል፣ ሳሎን ውስጥ የምግብ ጠረጴዛውን ይዞራሉ። "ግባ፣ ቁጭ በል፤ ሦስት መቶ ቀርቶኛል" አሉኝ ሳይቆሙ። ባለቤታቸው ከወዲያ ሆነው "ስለት ያለባቸው እንዳይመስልህ፤ ሰዓቱ አዟቸው ነው!" አሉና ሳቁ።

ሰዓቱን የላከችላቸው ዋሽንግተን ያለች ልጃቸው ናት። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ እንቅልፍ ይመዘግባል። የመዘገበውንም በኢንተርኔት ለልጅቱ ያደርሳል። ትእዛዙ በቀን 10,000 እርምጃ ነው።

ለመሆኑ ይቺ አስር ሺህ ከወዴት መጣች? ሐኪም ያዘዛት ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የእኛው አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ፣ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሩጫውን ጨርሶም ሌላው እስኪደርስ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ያ ኦሊምፒክ በጃፓን የስፖርት ፍላጎትን ቀሰቀሰ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1965፣ ያማሳ ቶኬይ የተባለ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ። ስሙን "ማንፖ ኬይ" አለው። "ማን" አስር ሺህ፣ "ፖ" እርምጃ፣ "ኬይ" መለኪያ ማለት ነው። እንግዲህ አስር ሺህ የተወለደችው ከዕቃ ስም ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በሞት የመቀጠፍ ዕድላቸው ያነሰ ነበር፤ ከ7,500 በላይ ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ መጨመሩን አቆመ።

ይህን ስነግራቸው "ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለልጄ ንገራት!" አሉኝ።

ለነገሩ ራስን መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። የጣልያኑ ሐኪም ሳንቶሪዮ ከሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ የሚበላውንም፣ የሚወጣውንም፣ ራሱንም ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሲመዝን ኖሯል። በ1614 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከሚበላና ከሚጠጣ ስምንት ፓውንድ ውስጥ አምስቱ ያህል በማይታይ ላብ እንደሚወጣ ጻፈ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ የቆጠረው ጥፋቱን ነበር። አስራ ሦስት ምግባሮችን ዘርዝሮ፣ በየቀኑ በሳተው ምግባር አንጻር ጥቁር ነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቡ እየተፋቀ እየተጻፈ ወረቀቱ ሲቀዳደድበት፣ ከዝሆን ጥርስ ወደ ተሠራ ማስታወሻ ዞረ። በእርሳስ የተጻፈው በእርጥብ ስፖንጅ ይጠፋል።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ስፖንጅ ነው። የፍራንክሊን ቁጥር ከራሱ ጋር የሚያወራበት ነበር፤ ሲፈልግ ያጠፋዋል። ለእኛም ቢሆን የስግደቱን ቁጥር በመቁጠሪያው የሚይዘው ሰጋጁ ነው፤ ኃጢአቱንም የሚሰማው የንስሐ አባቱ ብቻ ነው።

የዛሬው ቁጥር ግን ከቤት ይወጣል። ስትራቫ የተባለው የሩጫ አፕሊኬሽን በ2017 ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መንገዶች በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። በ2018 መጀመሪያ ሰዎች ካርታውን ሲያዩ፣ አፍጋኒስታንና ሶርያ ውስጥ በጨለማው መሐል የሚያበሩ ክቦች አገኙ። የጦር ሰፈሮች ነበሩ። ወታደሩ ጤናዬ ብሎ የሮጠው ሩጫ ሰፈሩን አሳበቀ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አሁን ሰዓትም ያወጣዋል።

እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ደግ ነው፤ ባዕድ እጁን እንዳይሰድ ይከለክላል። በአባትና በልጅ መካከል ግን አዋጅ ምን ይሠራል?

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ጠረጴዛ መዞሩ ሲሰለቻቸው ሰዓቱን አብሯቸው ለሚኖረው የልጅ ልጃቸው አሰሩለት። ልጁ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲያባርር ይውላል። ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው "አባዬ፣ ዛሬማ አስራ አራት ሺህ! ጎበዝ!" ብላ ትጽፋለች። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ሰምቼ ስቄያለሁ።

ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ጣላቸው። አራት ቀን ከአልጋ አልወረዱም። "ልጅቷ እዚያ ሥራ ላይ ናት፣ አታስጨንቋት" ብለው ለባለቤታቸው ተናገሩ። ሰዓቱ ግን ልጁ እጅ ላይ ነበር። አስራ አንድ ሺህ፣ አስራ ሁለት ሺህ፣ አስራ ሦስት ሺህ። ዋሽንግተን አባትየው ደህና ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ።

ሲያገግሙ ልጅቷ ሰምታ በስልክ አለቀሰች። "አየሁት እኮ አባዬ፣ በየቀኑ አየሁት" ትላለች። እሳቸውም ቀስ ብለው "አይተሽ ነበር፤ አልጠየቅሽኝም" አሏት።

ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ደግሞም ውሸቱን የጀመሩት አባትየው ናቸው። ግን እናስተውል፦ ሰዓቱ ከመምጣቱ በፊት በየእሑዱ ትደውል ነበር። "እንዴት ዋልክ? ሰውነትህስ?" ትላለች። መልሱ ሁሌ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው፤ ታሞም ያው ነው። እኛ ሰላምታ የምናበዛው መልሱን አጥተነው አይደለም። ድምፁን ለመስማት ነው። ሦስተኛው "ደህና ነኝ" ላይ ድምፁ ከሰለለ፣ ጆሮ ያለው ልጅ ያውቃል። ቁጥሩ ሲመጣ ጥያቄው ቀረ። ቁጥሩ ስለ እሳቸው ይናገር ጀመር፤ እሳቸው ዝም አሉ።

ያለፈው እሑድ እዚያው ነበርኩ። ሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ባትሪው አልቋል። ስልክ ጮኸ። "እሷ ናት" አሉና ተነስተው፣ እያወሩ ጠረጴዛውን ይዞሩ ጀመር። ስንት እንደተራመዱ የቆጠረ አልነበረም።