ሰደፉን ማን ጠገነው?

በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስለ ዐድዋ ጠመንጃዎች እንከራከራለን። ማን ሸጠልን፣ በምን ገዛነው፣ ጣልያን ራሷ በሰጠችን ነፍጥ ተመታች ወይስ አልተመታችም እያልን ገጽ ስንሞላ ስንት ዓመታችን ነው። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ማንንም ለመውቀስ አልተነሳሁም። ዛሬ የማነሳው ግን ብረቱን ሳይሆን እንጨቱን፣ ማለትም ሰደፉን ነው። ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝም መጽሐፍ ሳይሆን የዕለት እንጀራዬ ነው።

እዚህ ሜልበርን ፉትስክሬይ አጠገብ በአንድ የእንጨት ዕቃ ማደሻ እሠራለሁ። አገር ቤት የተማርኩት ታሪክ ነበር፤ እዚህ የሚያበላኝ ግን መጋዝና ሙጫ ነው። (ሐኪሙ ታክሲ በሚነዳበት ስደት ይህን እንደ እሮሮ አትቁጠሩብኝ።) ባለፈው የዚህ አገር ክረምት ከባላራት ወዲያ የሚያርስ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የአያቱን ሾትገን እንጨት በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ብረቱን እቤቱ ቆልፎበት ነው የመጣው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1996 በፖርት አርተር 35 ሰው በአንድ ሰው ጥይት ካለቀ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል፤ መንግሥት ከ600 ሺህ በላይ ጠመንጃ ከሕዝቡ ገዝቶ አቅልጧል። ስለዚህ ሰውየው ጥንቁቅ ነው። እኔም ብረቱን ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ግን ሴንት ኤቲየን የሚል ማኅተምና 1874 የሚል ቁጥር አነበብኩ።

ታሪክ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህ የወፍ ጠመንጃ ሲወለድ ሾትገን አልነበረም፤ ግራ የሚባለው የፈረንሳይ ወታደር ጠመንጃ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ ግራውን ከሠራዊቷ እጅ ታስወጣው ጀመር። ከፊሉን የሴንት ኤቲየንና የሊዬዥ ነጋዴዎች የበርሜሉን ውስጥ ቦርቡረው፣ ልሙጥ አድርገው፣ ለገበሬ ወፍና ጥንቸል መምቻ ሸጡት። ከፊሉ ደግሞ በኦቦክ፣ በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ወጣ። እኛ «ፉዚል ግራ» የሚለውን አፋችን እንዳመቸው አዙረን ውጅግራ አልነው። ባላራት የደረሰው የወፍ ጠመንጃና ዐድዋ የዋለው ውጅግራ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

እንጨቱ የተሰነጠቀው አንገቱ ላይ ነበር፤ እጅ የሚጨብጠው፣ ሰደፉ የሚቀጥንበት ቦታ። እዚያ ላይ የሚሰነጠቅበት ምክንያት አለው። ጠመንጃ ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ የብረቱ ጭራ እንጨቱ ውስጥ በደንብ ካልተቀመጠ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይፈልጠዋል። በዚያ ላይ ዘይት አለ። ጠመንጃን በዘይት አጥቦ አፈሙዙን ወደ ላይ ማቆም የተለመደ ነው፤ ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ወደ አንገቱ ይወርድና ጠንካራውን ዋልነት እንደ ራሰ ዳቦ ያደርገዋል። ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ሙጫ አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ በአሴቶን አጠብኩት፣ ቀጥዬ የጠመኔ ዱቄት ለውሼ ለጠፍኩበት። ጠመኔው ቡናማ እየሆነ ዘይቱን ሲስብ፣ ስቀይር፣ እንደገና ሲስብ አራት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ስንጥቁን በቀጭን ሽብልቅ ትንሽ ከፈት አድርጌ ኤፖክሲ አስገባሁበት፤ በብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሲደርቅ አንገቱን በአግድም በስቼ የናስ ዘንግ ቀበርኩበት። በመጨረሻም ከብረቱ ጭራ ኋላ የወረቀት ውፍረት ያህል እንጨት ፋቅሁ፤ ብረቱ ሲገፋ ዳግመኛ እንዳይፈልጠው። ይህን የመጨረሻውን የረሳ ጠጋኝ ሥራው ከጥቂት ተኩስ በላይ አይቆይለትም።

ጎማውን ሳስር ነው እጄ የሆነ ነገር ያስታወሰኝ። በልጅነቴ አንኮበር አጠገብ በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ አንድ ውጅግራ ተሰቅሎ ነበር። አንገቱ በጠቆረ ጥሬ ቆዳ ተጀቡኖ፣ በጅማት ተሰፍቶ፣ ከሥሩ ደግሞ የተጠፈጠፈ ናስ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ናሱ ቀለህ ነው፤ የውጅግራ ቀለህ ወፍራም ስለሆነ ተሰንጥቆ ሲቀጠቀጥ ጥሩ ልባጥ ይወጣዋል። የበሬ ጥሬ ቆዳ እርጥቡን ሰፍተው ጥላ ውስጥ ቢያደርቁት ተኮማትሮ ከብረት ቀለበት ያልተናነሰ ያስራል። እኔ በኤፖክሲና በብስክሌት ጎማ ያደረግሁትን ያ ሰው በበሬ ቆዳና በጥይት ቀለህ አድርጎት ነበር። እውነቱን ለመናገር የእርሱ ይበልጣል። የእኔ ሙጫ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እንጃ፤ የእርሱ ማሰሪያ እኔ ሳየው ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሆኖት አልነቃነቅም ብሎ ነበር።

እስቲ አስቡት። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ እ.ኤ.አ. በ1886 ኦክቶበር ከታጁራ ተነስቶ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ አንኮበር የደረሰው በ1887 ፌብሩዋሪ ነው። አራት ወር የአፋር በረሃ! አውሮፓ ጥሏቸው የነበሩ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌ ጠመንጃዎች ነበሩ፤ ምኒልክም ዋጋውን አስወርደውበት ከስሮ መመለሱን በደብዳቤዎቹ አማርሯል። ስለዚህ ክስረት በየቋንቋው ተጽፏል። ስለ እንጨቱ የጻፈ ግን አላጋጠመኝም። አራት ወር በበረሃ የደረቀ እንጨት ከአንኮበር ጉም ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አናጢ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጎጆ ውስጥ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። የጠመንጃ ዘይት በሌለበት በሞራ ወይም በቅቤ ይታሻል። በጦርነት ቀን ደግሞ ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። ተኩሶ እንደገና ለማጉረስ ፋታ ያጣ ሰው የሚቀረው ያው ሰደፉ ነው። «በሰደፍ ደቃው» እንላለን እንጂ ሰደፍን በሌላ ነገር ስናነሳው አልሰማሁም። የሚደቃው ሰው ብቻ አይደለም፤ አንገቱ የሚቀጥነው እንጨትም አብሮ ይሰበራል።

እንግዲህ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ጠመንጃ በሰባና በመቶ ሺህ መካከል እየተባለ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ሰደፉ የተጠገነ ነበር? ማን ጠገነው? አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሯቸውን ሚሲዮናውያን በስም እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ የገባውን የስዊሱን አልፍሬድ ኢልግንም እናውቀዋለን፤ ምኒልክ ጫማ ቢያሠሩት ሠራ፣ ጠመንጃ ቢያሠሩት «ከመሥራት መግዛት ይረክሳል» ብሎ እሺ ቢልም ሠራ እየተባለ ይተረክለታል። የኢልግ አንድ ጠመንጃ ታሪክ ሆነ። በየአምባው ሥር ተቀምጦ የወታደሩን ሁሉ ስብራት ሲጠግን የኖረው ሰው ግን ስም የለውም። ስም የለውም ስል ተሳሳትኩ፤ ስም አውጥተንለታል። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ።

ምኒልክ ራሳቸው ይህን ያውቁት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያለ የሚሳደብ ሰው የሰደበው እርሳቸውን እንደሆነ፣ እንደሚታሰርም አስታውቀዋል። አዋጁን እንደ ሥልጣኔ ምልክት እያነሳን እናወድሰዋለን። እኔ ግን አሁን ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ከዐድዋ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎም፣ ጠመንጃው ያለ እነርሱ እንደማይተኮስ እየታወቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአዋጅ ማስቆም ያስፈለጋቸው ስድብ ነበር። ቆመ ወይ? እዚህ ላይ ነው የራሴ ጉዳይ የሚመጣው።

በ1988 ዓ.ም. የዐድዋ መቶኛ ዓመት ሲከበር እኔ እዚሁ ሜልበርን በአንድ አዳራሽ ተነስቼ ስለዚያ ምሰሶ ላይ ስለነበረው ውጅግራ ተናግሬያለሁ። «ቅድመ አያቴ ዐድዋ ላይ የተኮሰበት» አልኩ። ሰው አጨበጨበ፤ አንዲት እናት እልል አሉ። (ሁለት ወር ሳይሞላ ፖርት አርተር ሆነና አገሩ ሁሉ ስለ ጠመንጃ በሌላ ቋንቋ መናገር ጀመረ፤ ያ ንግግሬም ለእኔው ለራሴ ቅር አለኝ።) ጠመንጃው ራሱ በ1968 ዓ.ም. ከቤታችን ተወስዶ የት እንደገባ አይታወቅም። የቀረን ወሬው ነው።

የባላራቱን እንጨት ከጨረስኩ በኋላ ደብረ ብርሃን ወዳሉት አክስቴ ደወልኩ። ያን ቆዳ ማን እንደሰፋው ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ምን አስነሳህ ልጄ?»

ምክንያቴን ነገርኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው የነገሩኝ ይህ ነው። ጠመንጃው የእኛ አልነበረም። የአንድ የይፋት ሰው ነበር። ሰውየው ዐድዋ ውሎ ተመልሷል፤ ከዓመታት በኋላ ሰደፉ ሲሰነጠቅ አምጥቶ ለቅድመ አያቴ ሰጠ። ሥራው ሳያልቅ የሰገሌ ዘመቻ ሆነ፤ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰውየው በተዋሰው ጠመንጃ ዘመተ። ቅድመ አያቴ ጨርሶ ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ጠበቀው። አልመጣም። ዘመድም አልጠየቀም። ቅድመ አያቴ ጥይት ተኩሶ አያውቅም፤ ዐድዋንም አላያትም። እርሱ ባለ እጅ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዐድዋ ዘመተ ተባለ?» አልኩ።

«ምን እንበል? የማን ልጅ ናችሁ ሲሉን ምን እንበል? የእኔ ጋብቻ ራሱ በዚህ ወሬ ሊፈርስ ምን ቀርቶት ነበር። አሁንም ያልተዳሩ ልጆች አሉን። ሠራው በል፤ ስም ግን አትጥራ፤ አደራህን።»

አደራ ነውና ስሙን አልጠራም። የማማርረውም ታሪክ ስማቸውን አልመዘገበም ብዬ ነበር፤ ይኸው ስሙን እያወቅሁት እኔም አልመዘገብኩትም። ትፈርዱብኝ ትችላላችሁ። ከአክስቴ ጋር ሳወራ ግን የተረዳሁት፣ ስማቸው የጠፋው ጸሐፊ ስለጎደለ ብቻ እንዳልሆነ ነው። እኛው ልጆቻቸው አጥፍተነዋል። ከጠጋኝ ልጅነት የተኳሽ ልጅነት ስለሚሻል ቆዳውን የሰፋውን ሰው አንስተን ጦር ሜዳ አቆምነው። በየአዳራሹ የምንሰማው የአያት ጠመንጃ ታሪክ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። የእኔ ግን እንዲህ ነበር።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ አገራችን ኋላ ቀርነት ሲጽፍ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ምንጊዜም ከሳሪ እንደሆነ ለማስረዳት ደክሟል። በዚህ በሰው አገር አንድ ነገር ሳነብ እርሱን አስታወስኩት። አውስትራሊያ ሊትጎ በሚባል ከተማ የራሷን የጠመንጃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1912 ስትከፍት የገዛችው ጠመንጃ አልነበረም፤ ከአሜሪካ ጠመንጃ የሚሠራ ማሽን ነው የገዛችው። ለሰደፉም ከባሕር ማዶ በሚመጣው ዋልነት ፈንታ የራሷን የኩዊንስላንድ ሜፕል ተጠቀመች። ያን ጊዜ ምኒልክ የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። እርግጥ እንግሊዝ የኋላ ደጀኗ ለሆነች አገርና በብራስልስ ውል፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ በተጫነባት ግዴታ የጦር መሣሪያ ንግዷ ቁጥጥር ለበዛበት አገር ዕድሉ እኩል አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ግን ወይራና ዋንዛ ነበረን። ቆዳ ሰፍቶ፣ ናስ ጠፍጥፎ፣ ስንጥቅ የሚገጥም እጅም ነበረን። ያን እጅ ወስዶ ትምህርት ቤት የሚያስገባ እንጂ ከማዕድ የሚያርቅ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል። በውጭ ተጽዕኖ ብቻ አሳብቤ እንዳላልፍ ደግሞ ያ የአክስቴ ዝምታ አለ።

ሽማግሌው እንጨቱን ሊወስድ ሲመጣ ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብሎ ጠብቆ ነበር መሰለኝ በጣቱ እየዳሰሰ ፈለገው። እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ትታያለች። በቀለም ልሸፍናት እችል ነበር፤ አልሸፈንኳትም። አያቱ ይህን ጠመንጃ ከማን እንደገዛ ጠየቅሁት፤ አላወቀም። ሂሳቡን ከፍሎ በዚያው ፎጣ ጠቅሎት ሄደ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። የሊንሲድ ዘይቱን ከመቀባቴ በፊት፣ በርሜሉ በሚተኛበት ቦይ ውስጥ፣ ብረቱ ሲገጠም በሚሸፈነው ቦታ ላይ፣ የቅድመ አያቴን ስም ከነአባቱ በእርሳስ በአማርኛ ጽፌበታለሁ።