የመልእክት ማዕከል ታሪክና ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት በሚዛወርበት ጊዜ መሸኛና የውጤት ካርድ ይዞ ይሄዳል። ተቀባዩ ርእሰ መምህር የላኪውን አጻጻፍ ያልተረዳው እንደ ሆነ ግን ልጁ ዕውቀቱ እያለው እንዳልተማረ ይቈጠራል። በሃያኛው ምእተ ዓመት ማለቂያ የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮች የገጠማቸው ችግር ይህንኑ ይመስላል።

የሒሳብ ክፍሉ መዝገቡን በአንድ ሥርዓት፥ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በሌላ ሥርዓት ያበጅ ነበር። ሁለቱን ለማገናኘት ልዩ መስመር ይሠራል። አሥር ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይገናኙ ቢባል 45፥ ሃያ ቢሆኑ 190 መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱም ክፍል አጻጻፉን ሲለውጥ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ይናጋል።

መፍትሔው ደረጃ በደረጃ መጣ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በ1993 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው ኤም.ኪው.ሲሪስ፥ ተቀባዩ ለጊዜው ባይገኝም እንኳ መልእክቱን በወረፋ ጠብቆ የሚያደርስ ነበር። በ2003 ግሬጎር ሆፕና ቦቢ ዉልፍ 65 የመልእክት ሥርዓቶችን በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚደርስ ደብዳቤ አለ፤ ነጋሪት ተጐስሞ ለገበያው ሁሉ የሚነገር ዐዋጅ አለ፤ በሁለት ባለ ጉዳዮች መካከል የሚቆም አስተርጓሚም አለ። በዚያው ዘመን እነዚህን ሁሉ በአንድ ማዕከል የሚያከናውነው መሣሪያ «ሰርቪስ ባስ» ተባለ፤ «ባስ» የሚለውም ቃል «ለሁሉ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። አሥሩ ክፍሎች ወደዚህ የጋራ መንገድ የሚያወጣ አሥር መስመር ብቻ ይበቃቸዋል።

ከአፍሪካ አገሮች ወገን ሩዋንዳ ይህን መንገድ ለጤና አገልግሎት ሞከረችው። በሩዋማጋና አውራጃ የመንደር ጤና ሠራተኞች ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች በስልክ የሚልኩት አጭር መልእክትና የጤና ጣቢያዎች መዝገብ በአንድ ማዕከል አማካይነት እንዲገናኙ ተደረገ። ማዕከሉም በመጀመሪያ የተሠራው «ሜዩል» በተባለ ሰርቪስ ባስ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ማዕከሉ ብቻውን ምንም አይፈይድም ነበር፤ እናቲቱ በየስፍራው አንዲት ሴት መሆኗን የሚያስረዳ የሰዎች መዝገብ፥ የበሽታዎችንም ስያሜ አንድ የሚያደርግ መዝገብ ጭምር አስፈለገ።

ማዕከሉን ያለ ልክ ማክበርም ጕዳት አመጣ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔውና ሕጉ ሁሉ በመካከለኛው መሣሪያ ላይ ስለ ተጫነ፥ ትንሹም ለውጥ በእርሱ ደጅ የሚጠና ሆነ። ስለዚህ በ2014 ጄምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር ማስተዋሉ በየአገልግሎቱ ዘንድ ይሁን፥ መንገዱ ግን ማድረስን ብቻ ይወቅ የሚለውን አሳብ በጽሑፍ አስፋፉ። የሩዋንዳው ማዕከልም መሣሪያ በኋላ ቀለል ባለ መሠረት ላይ እንደ ገና ተሠራ።

ለትምህርት ቤቶቻችን የሚተርፈው ምክር ይህ ነው። «ኃይለ» እና «ሀይለ» አንድ ልጅ መሆኑን፥ የልደቱ ዘመን በእኛ ወይስ በአውሮፓ አቈጣጠር መጻፉን አስቀድመን ካልተስማማን፥ መሣሪያው ስሕተታችንን አፍጥኖ ከማድረስ በቀር ሌላ አይፈጽምልንም። ስምምነቱ የሰው ሥራ ነው፤ የሚጀመረውም መምህሩ በየዓመቱ መጀመሪያ ከሚከፍተው የስም መዝገብ ነው።